ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ የሚሻገር ምስክርነት

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ ወይም በቀጨኔ ወይም በአዲሱ ገበያ ሠፈር የሚኖር ሰው፣ ልጁ ታሞበት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢሄድ በካርድ ክፍሉ መስኮት፣ ጥቂት ጥሪት ሊያኖር ባንክ ቢገባ በጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት፣ ሲም ካርድ ሊያወጣ ቢሻ በቴሌ መደብር፣ የልደት ማስረጃ ቢያስፈልገው በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው ጥያቄ በቃሉ ቢለያይም በምሥጢሩ አንድ ነው፤ ማን ነህ፣ ማንስ ያውቅሃል የሚል ነው። ከሁለቱም ሁለተኛው ይከብዳል፤ ስሙንማ ሁሉም ይናገራል፤ ነገር ግን በማያውቁት ደጅ የቆመ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ብቻውን ስለማይታመን፣ አስቀድሞ ያወቀው ሌላ ደጅ እንዲመሰክርለት ግድ ይሆናል።

በዛሬው የኢንተርኔት ዘመን ባለሙያዎች ብዙ የደከሙበት አንድ ጉዳይ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ድረ ገጽ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ከገባ በኋላ፣ በሌላ ዶሜይን ወደሚገኝ ድረ ገጽ ሲሻገር እንደ ባዕድ ተቆጥሮ እንደገና እንዳይጠየቅ፣ የፊተኛው ምስክርነት ለኋለኛው እንዲበቃ ማድረግ ነው። መሣሪያው አዲስ ነው እንጂ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ስሙን በዚያ ሠፍረው ከነበሩት ከጉለሌ ኦሮሞዎች በወረሰው በዚህ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል ብቻ እንኳ፣ ከነገሥታቱ ማኅተም እስከ ዛሬው ዲጂታል መታወቂያ እስከ ፋይዳ ቁጥር ድረስ የነገሩን ፈለግ መከተል ይቻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት በተባሉበት ዘመን፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚጓዝ ነጋዴም ሆነ የውጭ አገር ሰው በየመንገዱ ኬላ ይገጥመው ነበር፤ ኬላውም እንደየአገሩ ገዥ የተለያየ በመሆኑ፣ በሸዋ የታወቀ ሰው በየጁ ወይም በሐረርጌ ኬላ እንደ እንግዳ ተይዞ ይመረመር ነበር። ይህን ችግር የሚፈታው የንጉሡ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው በአንበሳው ምስልና ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ በሚለው ጽሑፍ ታትሞ ሲቀርብ፣ ኬላ ጠባቂው ወረቀቱን የያዘውን ሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ቢሆንም ማኅተሙን ግን ያውቀዋልና ያሳልፈዋል። ማኅተሙ ይጠበቅ የነበረው በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ሲሆን፣ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ይህንኑ ሥልጣን ይዘው ኖረው በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነዋል። በእርሳቸው እጅ የነበረው ነገር መጠኑ ትንሽ፣ ኃይሉ ግን ብርቱ ነበር ማለት ይቻላል፤ እንጦጦ ላይ የተደረገ አንድ የማተም ሥራ ብዙ ቀን በሚያስኬድ አገር የሚገኝን ዘበኛ እጅ ያስነሣ ነበርና።

ሆኖም ወረቀት ማንነትን ሙሉ በሙሉ አይመሰክርም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሊሻገር፣ ሊሰረቅ፣ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ይህን ጉድለት የሞላው በባልደረባ ነበር። በቤተ መንግሥት ጉዳይ ያለው እንግዳ ባልደረባ ይመደብለታል፤ ባልደረባውም ለእንግዳው አፍና ዋስ ሆኖ ያስገባዋል፣ ጉዳዩን ያቀርብለታል፣ ቢያጠፋም በከፊል ይጠየቅበታል። በዚህ ሥርዓት እንግዳውን ሁሉም ሹም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሹማምንቱ ባልደረባውን ካወቁት ይበቃል። የኋለኛው ዘመን የኮምፒውተር ሊቃውንት ብዙ ወረቀት የፈጁበትን ሐሳብ የደጅ ጥናት ሥርዓት በዚህ መልክ ይዞት መኖሩ እጅግ ያስደንቀኛል፤ እነርሱ ግን ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አልከራከርም።

ከቤተ መንግሥት ይልቅ ግን ይህን ጥበብ አምልታና አስፍታ የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። የአብነት ተማሪ ድጓን ከመንደሩ መምህር ወይም ከብዙ መምህራን እግር ሥር ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን የድጓ መምህር ተብሎ በአገሩ ሁሉ እንዲከበር በጋይንት ወደሚገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የተማረም ወደ ሰለልኩላ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በሸዋም ይሁን በጎጃም፣ ወደ ጉለሌም መጥቶ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወይም በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቢቆም፣ እንደገና ድጓውን ከአፉ እስከ ገደፉ አዚም የሚለው የለም፤ ከየት አስመሰከርክ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማስመስከሪያው ጉባኤ ቤት የሌሎቹ አድባራት አለቃ አለመሆኑ ነው፤ ቤተ ልሔም በእንጦጦ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የላትም፤ ታማኝነቷ የመጣው በትእዛዝ ሳይሆን በብዙ መቶ ዓመት የተፈተነ ጥንቃቄ ነው። መንግሥት በማኅተም ያስገደደውን ጉባኤ ቤቱ በመታመን አገኘው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ፊት ስንዘልቅ ይገባናል።

ከተማዋ እየሰፋች፣ ከጋሞ ደጋ ሸማኔው፣ ከሰሜን ሸዋ አራሹ፣ ከጉራጌ ነጋዴው እየመጣ በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ ሲሠፍር የደጁ ጥያቄ የሚመለሰው በተያዥ ነበር። ሥራ የሚገባ ሰው ተያዥ ያቀርባል፤ ቤት የሚከራይ የአገሩን ልጅ ያመጣል፤ ሞት ሲመጣ እድሩ፣ ቀብር ሲሆን የንስሐ አባቱ ይመሰክሩለታል። ሁሉም ለየራሱ ደጅ የሚበቃ ምስክር ነበር፤ የእድሩ ምስክርነት ለመሥሪያ ቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑ አይሠራም ነበር። አንድ ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ አምስትና ስድስት ሰው ሆኖ ይኖር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን የለወጠው አብዮቱ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ በሕግ አቋቋመ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ኪራይ የሚሰበሰበው በቀበሌው ሆነ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ሥልጣናቸውን አሰፋው። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ አለው፤ የኅብረት ሱቅ አለው፤ ዘበኛ አለው፤ ከሁሉም በላይ የእያንዳንዱ ቤት ቁጥርና በውስጡ የሚያድሩት ሰዎች ስም የሰፈረበት መዝገብ አለው። ስለዚህ ቀበሌው የሚሰጠው መታወቂያ ወረቀት ከዚያ በፊት ማንም ያልነበረውን ነገር አገኘ፤ አንድ ደጅ ያተመው፣ በከተማው ያሉ ደጆች ሁሉ ግን የሚቀበሉት ሆነ። ስኳርና ሳሙና በኩፖን ሲታደል በኅብረት ሱቁ፣ ልጅ ሲመዘገብ በትምህርት ቤቱ፣ ሕመም ሲመጣ በጤና ጣቢያው፣ ክርክር ሲነሣ በሸንጎው፣ በሌሊት መንገድ ላይ ሲያዝ በዘበኛው ፊት የሚወጣው ያው አንድ ወረቀት ነበር።

ስለዚያ ወረቀት ሲጻፍ ምቾቱን ብቻ መናገር ግን ታሪክን መበደል ነው። ለሁሉ ደጅ የሚበቃ ምስክርነት ሁሉንም ደጅ መዝጋትም ይቻለዋል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ እንግዳ በቤቱ የተገኘበት ሰው ምን እንደደረሰበት የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል፤ መታወቂያው የተከለከለ ሰው ከስኳሩም፣ ከሥራውም፣ ከመንገዱም በአንድ ጊዜ ይገለል ነበር። በፊተኛው ዘመን የእድሩ ዳኛ ቢቀየመው ከእድሩ ይባረራል እንጂ ባንኩ አያባርረውም፤ የተበታተነው ምስክርነት ድካም ቢኖረውም ይህች ትንሽ ነፃነት ነበረችው።

ከቀበሌው ሥርዓት ሁሉ ግን እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማደንቀው መሸኛውን ነው። ከጉለሌ ወደ ኮልፌ ወይም ወደ የካ የሚዛወር ነዋሪ በቀድሞው ቀበሌ ቀርቦ መሸኛ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ማኅደሩን አውጥቶ ዕዳ እንደሌለበት፣ ያልተከፈለ ኪራይ እንደሌለበት ያጣራል፤ መታወቂያውን ይረከባል፤ ከዚያም ለተቀባዩ ቀበሌ የሚላክ ደብዳቤ ጽፎ፣ አትሞ፣ ብዙ ጊዜም በፖስታ አሽጎ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ በግልጽ ስለሚናገር ለሌላ ቀበሌ አይሠራም፤ ቀን ስላለበት ከዓመት በኋላ ቢቀርብ ያጠራጥራል፤ ቁጥር ስላለው ተቀባዩ ቢጠራጠር ወደ ላኪው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ለማን፣ መቼ፣ በማን እጅ፤ እነዚህ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ መገኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ የብዙ ጸሐፊዎች፣ የብዙ አጭበርባሪዎችም፣ ትምህርት ነው።

በኢሕአዴግ ዘመን ሥርዓቱ በስሙ ቀጠለ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍላተ ከተሞች ስትከፈል ጉለሌም ክፍለ ከተማ ሆነች፤ በኋላም ቀበሌው ወደ ወረዳ ተጠቃለለ። በዚህ ዘመን መታወቂያው የባለቤቱን ብሔር ጭምር ይዞ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ስልክ የሚሸጠውም፣ ቤት የሚያከራየውም፣ በመንገድ ላይ የሚፈትሸውም ከሚያስፈልገው በላይ ያነብ ነበር። ይህ ነገር ምን ያህል ጉዳት እንዳመጣ ለማስረዳት ቀለም ማባከን አያስፈልገኝም። ሐሰተኛ መታወቂያም በዛ፤ በወረዳዎቹ መካከል የጋራ መዝገብ ስላልነበረ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ወረዳ በተለያየ ስም ተመዝግቦ መገኘት ይችል ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባንና የብሔራዊ መታወቂያን አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነግግም፣ ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ደጅ እንሻገር። በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ሥርዓት እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚያው ተቋም አቴና በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ ኬርቤሮስ የሚባል ሥርዓት ተፈጠረ፤ በዚህም ሥርዓት ተማሪው በይለፍ ቃሉ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ለአንድ ታማኝ ደጅ ብቻ ነው፤ ያ ደጅም ለማተሚያው፣ ለፋይሉ፣ ለመልእክቱ አገልጋይ የሚቀርቡ በምሥጢር የተዘጉና ጊዜያቸው የተወሰነ ትኬቶች ይሰጠዋል። መሸኛው በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው።

ኢንተርኔቱ ሲሰፋ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ባለሙያ ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የሚባለውን ነገር አመጣ፤ ድረ ገጹ ሰውየውን ካወቀ በኋላ በብራውዘሩ ውስጥ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሰውየው በተመለሰ ቁጥር ብራውዘሩ ምልክቱን ያሳያል። ነገር ግን ብራውዘሩ ያንን ምልክት ለሰጠው ዶሜይን እንጂ ለሌላ አያሳይም፤ ይህም ጥበቃ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ አለበለዚያ ማንኛውም ጣቢያ የሌላውን ደጅ ቁልፍ ይሰርቅ ነበር። በአንድ ዶሜይን ሥር ያሉ ንዑሳን ጣቢያዎች የእናት ዶሜይናቸውን ኩኪ በጋራ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ በስማቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ጣቢያዎች ግን፣ የአንድ ባለቤት እንኳ ቢሆኑ፣ በዚህ መንገድ ሊተዋወቁ አይችሉም። አንዳንዶች በአንዱ ገጽ ውስጥ የሌላውን ገጽ ደብቀው በማስገባት ኩኪውን ሊያስነብቡ ሞከሩ፤ ሳፋሪ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ2020 የሌላ ዶሜይን ኩኪን በሙሉ ሲከለክል ያ ብልሃት በብዙ ሰው ብራውዘር ላይ ሞተ። ብልሃቱ መሞቱ አያሳዝነኝም፤ ማስታወቂያ ነጋዴዎች ሰውን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚከተሉት በዚያው መንገድ ነበርና።

የቀረው መንገድ የባልደረባው መንገድ ነው፤ ሁለቱም ጣቢያዎች የሚያምኑትን ሦስተኛ ደጅ ማቆም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ፓስፖርት የተባለውን አገልግሎት አውጥቶ የዓለም ሁሉ ባልደረባ ልሁን አለ፤ ብዙዎቹ ነጋዴዎች አልተቀበሉትም፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2002 ስለ ደኅንነቱ የሰጠው ተስፋ ከእውነት የራቀ ነው ብሎ ከሰሰውና ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሥርዓቶች፣ ሳምል፣ ኦፕን አይዲ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኦፕን አይዲ ኮኔክት፣ አንድ ጌታ ለሁሉ ከማቆም ይልቅ ማንኛውም ደጅ ከማንኛውም ደጅ ጋር የሚግባባበትን ቋንቋ ወሰኑ። በሥርዓቱም ጣቢያው ሰውየውን ወደ መስካሪው ደጅ ይመራዋል፤ ሰውየው እዚያ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ መስካሪው በዲጂታል ፊርማ የታተመ፣ ለየትኛው ጣቢያ እንደተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ የተጻፈበት ምስክርነት ይዞ እንዲመለስ ያደርገዋል። የይለፍ ቃሉን ጣቢያው ከቶ አያየውም።

ይህ ቋንቋ ወደ ጉለሌ የደረሰው በፋይዳ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲወጣ፣ ተመዝጋቢው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹን ምልክትና የፊቱን ፎቶግራፍ ሰጥቶ ባለ 12 አኃዝ መለያ ቁጥር እንዲያገኝ ሆነ፤ ለዕለት አገልግሎት ግን ያ ቁጥር እንዳይገለጥ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጀለት። ብሔርና ሃይማኖት አይመዘገብም። ሥርዓቱ የቆመው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በተሠራው፣ ማንም አገር ሊጠቀምበት በሚችለው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ የሚከፍት ሰው ፋይዳ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በአዲሱ ገበያ ያለ ባንክ ከዚያ በፊት የወረዳውን ማኅተም አገላብጦ የሚመረምርበትን ድካም ለሌላ ደጅ አሳለፈው።

ከአሻራው ይልቅ የሚደንቀኝ ኢሲግኔት የተባለው መግቢያ ነው። አገልግሎት ሰጪው ድረ ገጽ ሰውየውን ወደ ፋይዳ ደጅ ይልከዋል፤ ሰውየው ቁጥሩን ያስገባል፤ በስልኩ የሚመጣለትን የምሥጢር ቁጥር ይመልሳል፤ ከዚያም ስሙን ብቻ ወይስ የልደት ቀኑንና አድራሻውንም ለዚያ ድረ ገጽ መስጠት እንደሚፈቅድ ይጠየቃል። በሞሲፕ ንድፍ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ የሚሰጠው የሰውየው ምልክት የተለያየ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ባንኩና ሆስፒታሉ መዝገባቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ በዚያ ምልክት ብቻ አንዱን ሰው ከሌላው ጋር ሊያዛምዱት አይችሉም። ብሔርን ለስልክ ሻጭ ያሳይ ከነበረው ካርድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው።

ነገር ግን መስካሪው ራሱ ሰውየው በስንት ደጅ እንደቆመ ያውቃል። ባልደረባውም ያውቅ ነበር፤ የቀበሌው ጸሐፊም ያውቅ ነበር፤ ልዩነቱ የእነርሱ ዕውቀት በአንድ ሠፈርና በአንድ ሰው ራስ ተወስኖ ከሰውየው ጋር የሚሞት መሆኑ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ዓይነቱ ነገር ወሰን ሊያበጅ የወጣ ነው፤ ወሰኑ ምን ያህል እንደሚጸና ግን የሚታወቀው ብርቱ ፈላጊ መጥቶ መዝገቡን አሳየኝ ባለበት ቀን ነው። ቤተ ልሔም የታመነችው የተማሪውን መንገድ በመቁጠር አልነበረም።

ስለ መውጣትም ጥቂት ልበል፤ እስካሁን የተናገርኩት ስለ መግባት ነበርና። የቀድሞው ቀበሌ መታወቂያውን ሳይረከብ መሸኛ አይጽፍም ነበር፤ ሰውየው በሁለት ደጅ በአንድ ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ጣቢያ ምስክርነቱን አንድ ጊዜ ከተቀበለ በኋላ የራሱን ኩኪ ስለሚሰጥ፣ ሰውየው ከመስካሪው ደጅ ቢወጣም ከሌሎቹ መውጣቱ አይቀሬ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ቃል መዝጋት ከሥርዓቶቹ ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ይህ በቤቱ የራሱ ስልክ ላለው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። በየኢንተርኔት ቤቱ ግን ፓስፖርት የሚያመለክተው፣ የልጁን የፈተና ውጤት የሚፈልገው፣ ለሥራ የሚመዘገበው ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተራ በተራ ይቀመጣል፤ ቅጹንም የሚሞላለት ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው፤ ባለ ጉዳዩም የምሥጢር ቁጥሩን ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ቀጣዩ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት የፊተኛው ሰው ደጆች ሁሉ መዘጋታቸውን የሚያረጋግጥለት፣ መታወቂያ ተረክቦ በማኅደር የሚያኖር ጸሐፊ የለም፤ ስለዚህ ሥራውን የጨረሰ ሰው ከመነሣቱ በፊት ከፋይዳውም፣ ከባንኩም፣ ከኢሜይሉም አንድ በአንድ እንዲያስወጣው የቤቱን ልጅ ማዘዝ ይኖርበታል።